አንድ ሲባዛ በሦስት

ባሌ፣ ብድሬ ከተማ ላይ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ ደመወዝ የማይከፈልበት ሁለተኛ ሥራ ተደርቦ ይሰጥዎታል፤ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ። ለዚህ ሥራ ማንም አልቀጠረኝም፤ ስለዚህ ማንም ሊያሰናብተኝ አይችልም። ከትምህርት ቤት ተመልሼ በርጩማዬን ደጃፍ ላይ እንዳወጣሁ አንዱ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ብቅ ይላል። ፌስታሉ ሲፈታ እንክብሉ፣ ሽሮፑ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ የጤና ጣቢያው ካርድ፣ አንዳንዴም ከገበያ የተገዛ ሽንኩርት አብሮ ይወጣል። «ባርሲሳ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።» ባርሲሳ የሚሉት መምህርን ነው። «እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም» ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ። መልሱ አንድ ነው፦ «ማንበብ ትችል የለም ወይ?»

እችላለሁ። ችግሩ የሚነበብ ነገር አለመኖሩ ነው። እንክብሉን በያዘችው ትንሽ የወረቀት ፖስታ ላይ ያለው አንድ ቁጥር፣ አንድ የብዜት ምልክትና ሌላ ቁጥር ነው፤ 1×3። በቃ። ሰውዬው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል የሰማው ደግሞ «አንድ አንድ ሦስቴ፤ ቀጣይ!» የሚል ነው። ብሩን ቆጥሮ ሰጥቷል፣ እንክብሉን ቆጥሮ ተቀብሏል፣ መልሱንም ቆጥሮ ኪሱ ከቷል። ሳይቆጠር የተሰጠው ምክሩ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ሳል ጠንቶባቸው አሞክሳሲሊን ተሰጣቸው። በማግስቱ አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ብዬ ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ።

«መድኃኒቱን ወሰዱ ወይ፣ አባቴ?»

«ወሰድኩ እንጂ! የዛሬዎቹን ሦስቱንም በጠዋቱ ተገላገልኳቸው።»

«ሦስቱንም በአንዴ?»

«አንድ ሲባዛ በሦስት ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ወረቀቱን ያነበበልኝ ልጅም ሦስት ነው ያለኝ። ማን ነው ያስተማረው?»

ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ወደ ከብቶቹ ጤና አዞርኩት። በሒሳብ አንድ በሦስትና ሦስት በአንድ ልዩነት የላቸውም፤ ይህንኑ በየዓመቱ ከረሜላ ደርድሬ አስረዳለሁ። በመድኃኒት ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እንዲህ ያለው አንድ እንክብል ደም ውስጥ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ኩላሊትም ጉበትም እየተቀባበሉ ያስወጡታል። ሦስቱን በጠዋት የዋጠ ሰው እስከ ቀትር ከሚበቃው በላይ አለው፤ ማታ ግን ምንም የለውም። ተሕዋስያኑም ሌሊቱን ያለ ጠባቂ እንዳሻቸው ሲባዙ ያድራሉ።

አንዳንዱ ሐኪም ደግሞ ቁጥሩንም ትቶ በላቲን ይጽፋል። ቢ.አይ.ዲ. ካለ በቀን ሁለቴ፣ ቲ.አይ.ዲ. ካለ ሦስቴ፣ ፒ.ኦ. ካለ በአፍ የሚዋጥ፣ ፒ.አር.ኤን. ካለ ሲያስፈልግ ብቻ ማለቱ ነው። ሮማውያን ራሳቸው የተዉት ቋንቋ የኛው መደ ወላቡ ወረዳ ድረስ ዘልቆ ይሠራል። እኛ ጋ ልጆቹ በቁቤ ስለሚማሩ የላቲን ፊደል ማንንም አያስደነግጥም፤ አደጋውም እሱ ነው። አንዲት የሠፈራችን ልጅ የእናቷን ወረቀት ስታነብ ቢ፣ አይ፣ ዲ የሚሉት ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ። «ብድሬ ነው የሚለው! አድራሻችንን ነው፤ ቦታ ስላልበቃው አሳጥሮት ነው።» የከተማችን ስም በቁቤ ሲጻፍ የሚጀምረው በእነዚያው ሦስት ፊደላት ነውና በልጅቷ መፍረድ አይቻልም። እናቷም መድኃኒቱ ለብድሬ ሰው የታዘዘ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በቀን አንዴ፣ ሲታወሳቸው፣ ዋጡት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ጣጣ ሰዓት ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ሲባል ጠዋት 1 ሰዓት የጀመረ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከዚያም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ይውሰድ ማለት ነው። ብድሬ ላይ ከሌሊቱ 5 ሰዓት የሚነቃው ጅብና ጭነት የያዘ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከብት ይዞ ውሎ የገባ ሰው በዚያ ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይነሳም። «በየ12 ሰዓቱ» የሚባለው ግን እኛ ጋ ከየትም አገር ይልቅ ይመቻል። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይዛነፍም። የፈጅር አዛን ሲሰማ አንድ፣ የመግሪብ ሲሰማ አንድ። የሠፈራችን ሙአዚን ሳያውቁት ስንት በሽተኛ እንዳስታወሱ ቢነገራቸው ደመወዝ ይጠይቁ ነበር። እኔ እንዲያውም የመድኃኒት ፖስታ ላይ ከብዜት ምልክቱ ይልቅ «ፈጅር»፣ «ዙህር»፣ «መግሪብ» የሚል ቢታተም ብድሬ ላይ የሚቀረው ስህተት ግማሹን ያህል አይሆንም ባይ ነኝ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ በቀን ሁለቴ የሚወሰደው በኢፍጣርና በሱሁር ልክ ይገባል፤ በቀን ሦስቴው ነው ጾም የሚያስፈታው ወይም መድኃኒት የሚያስተወው። ይህን አስቀድሞ ለሐኪም የነገረ ሰው ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በሚወሰድ ይቀየርለታል። የሚናገረው ግን ስንቱ ነው? አብዛኛው ዝም ብሎ ተቀብሎ ወጥቶ፣ ቤቱ ሲደርስ የራሱን ፈትዋ ይሰጣል።

በሰዓት ረገድ የወባው መድኃኒት ኮአርተም ያስቀናል። ኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆቹ ከ2004 ወዲህ ለፋልሲፓረም ወባ በዋናነት የምትሰጠው ይህንኑ ነው፤ ቆላችንም ከወባ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ለአዋቂ 24 እንክብል፣ አራት አራት እየተደረገ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ሁለተኛው አራት ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። አንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ተስለውበታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ያያል፤ ፀሐይዋ ጋ ያለውን በቀን፣ ጨረቃዋ ጋ ያለውን በምሽት ይውጣል። በስዕሉ ላይ ክርክር ይዞ ደጃፌ የመጣ ሰው እስካሁን የለም። ክርክር የሚመጣው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፤ ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ስለሚበርድ ቀሪዋ «ለሚቀጥለው ወባ» ተብላ በነጠላ ጫፍ ትቋጠራለች።

ኮአርተም ሌላም ጠባይ አለው፤ ቅባት ይወዳል። ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት የሚቀበለው መጠን በእጅጉ ይጨምራል። ይህን መመሪያ ሲያወጡ ብድሬን አስበው ይመስላል። የግመል ወተት እዚህ፣ የላም ወተት እዚህ፣ በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ እዚህ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «በወተት ውሰዱት» ስትል ሠፈሩ በአንድ ድምፅ መረቃት። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሐኪም የሚያዘውና ሰው የሚወደው ነገር ተገጣጠመ።

ችግሩ ሠፈሩ ነገሩን በጣም መውደዱ ነበር። ኮአርተም በወተት ከሆነ ሌላውስ ለምን ይጠማል? ቴትራሳይክሊን በወተት፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን በወተት፣ ዶክሲሳይክሊን በወተት ሆነ። እነዚህ ደግሞ ወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተጣብቀው የሚቀሩ ናቸው፤ ተጣብቀውም፣ ይብዛም ይነስ፣ ደም ውስጥ ሳይገቡ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ቴትራሳይክሊንና ወተት ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ሰውየው የከፈለው ለመድኃኒት ነው፣ ያገኘው ግን ወተት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ብሩሴሎሲስ ነው። በሽታው ከጥሬ ወተት ይመጣል፤ ለማከም ዶክሲሳይክሊን ከሌላ መድኃኒት ጋር ለ6 ሳምንት ይታዘዛል፤ ዶክሲሳይክሊኑ ደግሞ ከወተት ተራርቆ ቢወሰድ ይመረጣል። ይህንን ለአንድ ከብት አርቢ ላስረዳ ብዬ ቁጭ ብለን ስናወራ አመሸን። ሰውየው በትዕግሥት ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ወተት አሳመመህ ትላለህ። መድኃኒቱንም ወተት ያበላሽብሃል ትላለህ። የወባውን ግን በወተት ውሰድ ትላለህ። አንተና ወተት ተጣልታችሁ ነው ታርቃችሁ ነው?» የሚያስታርቅ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር መሆኑን አመንኩ።

ለነፍሰ ጡሮቹ የሚሰጠው የደም ማነስ እንክብልም የራሱ ጠላት አለው፤ ቡናና ሻይ። አይረኑ ከቡና ጋር ሲወርድ ሰውነት የሚያገኘው ይቀንሳል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። ከሐረና ጫካ የሚወርደው ቡና በየቤቱ ሦስት ጊዜ በሚፈላበት አገር ሁለት ሰዓት ከቡና የሚርቅ ሰው የት ተገኝቶ! አንዲት እርጉዝ ጎረቤቴ መፍትሔ አግኝታለች፤ እንክብሉን ማታ ልትተኛ ስትል በውሃ ትውጣለች። የነገራት ሰው የለም። ቡናዋን ላለመንካት ስትል ራሷ ደረሰችበት።

አሁን ወደ ሽሮፕ እንምጣ። «የሻይ ማንኪያ» ሲባል ፋርማሲስቱ ጭንቅላት ውስጥ ያለው 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ «የሾርባ ማንኪያ» ሲል 15። የኛ ቤት ማንኪያ ግን ከየሠርጉ፣ ከየገበያው፣ ከየጎረቤቱ የተሰበሰበ ነው፤ ሁለቱ እኩል የሚይዙ ካሉ በአጋጣሚ ነው። ለዚህ ተብሎ ጠርሙሱ አፍ ላይ መስመር ያላት የላስቲክ መለኪያ ትደፋለች። መለኪያዋ ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን የልጁ መጫወቻ ትሆናለች፤ በሁለተኛው ቀን አልጋ ሥር ትገኛለች፤ በሦስተኛው የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆና አይቻታለሁ። ዶሮዋ ልክ 5 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ሕፃኑ ግን በወንድሙ ሠርግ ማንኪያ ነው።

ዱቄት ሆኖ የሚመጣውማ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። የሕፃናት አሞክሳሲሊን ጠርሙሱ ውስጥ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ ይጨመርና ይበጠበጣል፤ በተሰጠ ቁጥርም ይናጣል። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው የቀናት ነው፤ እንደ ዓይነቱ 7 ወይም በማቀዝቀዣ 14። ዱቄቱን ደረቁን በማንኪያ ያቃመች እናት አውቃለሁ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ በአንዴ ሊትር ሙሉ አደረገችው፤ የተቅማጡ ዱቄት በ1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ መበጥበጡን በደንብ ተምራ ስለነበር። የተማረችውን በትክክል ነው የሠራችው፤ መድኃኒቱ ሌላ ከመሆኑ በቀር።

«ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ጽሑፍስ? ጎባ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ትርፍ ምክር ነው፤ እዚያ ከቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ያልሆነ ቦታ መፈለግ ነው የሚቸግረው። ከጎባ ወደ እኛ የሚመጣ መድኃኒት ግን ጉዞው ከሰው ጉዞ ይከፋል። መጀመሪያ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዋናው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ የታሸገ ብስኩት እዚያ ሲደርስ ይነፋል፤ ጫፉን ይዘው ቢያጨበጭቡበት እንደ ፊኛ ይፈነዳል። ከዚያ በሪራ በኩል ሐረና ጫካ ገብቶ፣ ደሎ መና ወርዶ፣ ከቅዝቃዜው ወደ ሙቀቱ ተገልብጦ ነው ብድሬ የሚደርሰው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበትን ኢንሱሊን በዚህ መንገድ በሾፌር ኪስ የላከ ሰው ኢንሱሊን አልላከም፤ ጠርሙስ ነው የላከው።

በዚሁ መንገድ ስለመጣች አንዲት መድኃኒት ላውራና ወደ ሌላ እሻገራለሁ። አንድ ወዳጄ ኪንታሮት አስቸግሮት ወደ ደጋው ወጥቶ ታከመ። የተሰጠው በመቀመጫ በኩል የሚገባ፣ በሰውነት ሙቀት የሚቀልጥ ዓይነት ነው። ሲነገረው አፍሮ ፊቱን አዙሮ ስለነበር ግማሹን አልሰማም። አውቶቡሱ ውስጥ ኪሱ ከትቷት ደሎ መናን ሲያልፉ መድኃኒቷ የት መቅለጥ እንዳለባት ረሳችውና እዚያው ቀለጠች። ማታ መጥቶ ማሸጊያውን አሳየኝ። «ባርሲሳ፣ ይህ ነገር ሽሮፕ ነው ቅባት ነው?» ሁለቱንም አለመሆኑን ነገርኩት። «ተቀብቼዋለሁ እኮ» አለኝ። የት እንደተቀባ አልጠየቅኩም፤ ግንባሩ ግን ያብረቀርቅ ነበር።

እንክብልን መጨፍለቅ የእናቶች ሙያ ነው። ሁለት ማንኪያ ያነባብራሉ፣ ይጫናሉ፣ በማር ይለውሱታል፤ የባሌ ማር ደግሞ ምንም ነገር ያስውጣል። ብዙውን እንክብል እንዲህ ቢያደርጉት አይጎዳም፤ ውሃ ሲነካው ራሱ እንዲሟሟ ሆኖ የሚሠራም አለ፤ ለሕፃናት ሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሳሲሊንና ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ እንዲህ ናቸው። ነገር ግን አንዳንዱ የለበሰው ልባስ ለጌጥ አይደለም። ኦሜፕራዞል ካፕሱል ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የጨጓራን አሲድ አልፈው አንጀት እንዲደርሱ የተሸፈኑ ናቸው፤ የፈጨቻቸው ሴት ጨጓራው ደጃፍ ላይ አስቀርታቸዋለች። ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲለቀቅ የተሠራ የደም ግፊት እንክብል ሲፈጭ ደግሞ የቀኑን ድርሻ በአንዴ ይለቃል፤ ግፊቱም ሰውየውም አብረው ይወድቃሉ። በሌላ በኩል ካፕሱልን ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ አለ። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትን ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለተረከዝ፣ ለአህያ ጀርባ የሚያውል አለ። የቀረው ዓይን ብቻ ነው።

ላሞቹ ግን ያስቀኑኛል። ለላም የሚሰጠው የአልቤንዳዞል ቦለስ 2,500 ሚሊ ግራም ነው፤ ለሰው የሚሰጠው እንክብል 400። ላሚቱ አንገቷ ቀና ይደረጋል፣ ቦለሱ ከምላሷ በስተኋላ ይቀመጣል፣ ትውጣለች። «ለምንድን ነው? ከወተት ጋር ነው? መርፌ የለውም ወይ?» አትልም።

መርፌ! እዚህ ላይ ልቀመጥ እችላለሁ። በኛ ሠፈር ሊልሞ፣ መርፌ ማለት ነው፣ ያልወጋ ሐኪም እንዳከመ አይቆጠርም። «አየኝ፣ ዳሰሰኝ፣ ክኒን ሰጠኝ» ይባላል፤ በሐዘን ድምፅ። የተወጋ ሰው ግን እያነከሰ በገበያው መሀል ያልፋል፤ ማነከሱም ማስረጃ ነው። በአፍ የሚዋጡ ብዙ መድኃኒቶች፣ ሜትሮኒዳዞልን የመሰሉት፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠናቸው በደም ሥር ከተሰጠው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ብናገር የሚሰማኝ የለም። ያላሳመመ አያድንም የሚል እምነት አለ፤ የሚያሳምመው ደግሞ መርፌ ነው። መርፌ በትክክለኛ እጅ ነፍስ ያድናል፤ ማስመለሱ ላልቆመለት፣ ራሱን ለሳተ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ የለም። ጉልበት ለማግኘት ብሎ ጓሮ ገብቶ የሚወጋው ግን ሌላ ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የግሉኮስ ፍቅር ከዚህም ያልፋል። ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ በሽታው አይደለም፤ «ሁለት ግሉኮስ ተደረገላት» ነው። እኔም የሒሳብ ሰው ነኝና ላስላው። ባለ 1 ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ግድም ይመዝናል። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወደ 12 ማንኪያ ስኳር ነው፤ ሻይ ቤት ገብቶ ሦስት ሦስት ማንኪያ ያለበት አራት ብርጭቆ ሻይ የጠጣ ሰው አንድ ግሉኮስ አድርጓል፤ ያለ መርፌ፣ ያለ አልጋ። ይህን ስሌት ሻይ ቤት ውስጥ ስናገር አንዱ እጁን አነሳና «እንግዲያው አራት ሻይ ስጡኝ፣ ደክሞኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን ሻይ «ግሉኮስ» ተብሎ ይታዘዛል።

እንግዲህ ሰው ሁሉ መመሪያ የማይሰማ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ለዚህ ምስክሬ ኮሶ ነው። ከሪራና ከዲንሾ በላይ ያለው ደጋ እስከ ዛሬ የኮሶ ዛፍ አገር ነው፤ ቀይ አበባው ሲንዠረገግ ከሩቅ ይታያል። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ እየበሉ በየሁለት ወሩ ግድም ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ መድኃኒቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሻግሮ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። የኮሶ መመሪያ ከየትኛውም እንክብል መመሪያ ይረዝማል። የሴቴው አበባ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል። በዋዜማው ማታ ቀለል ያለ ነገር ይበላል ወይም ይጾማል። ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። እስኪያሽር ቤት ይዋላል፤ እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ የንጉሥ መልእክተኛም ቢሆን ይመለሳል። ከልኩ ካለፈ ዓይን እስከ መጉዳት ስለሚደርስ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ነበር የሚለካው። ይህን ሁሉ ያለ አንዲት ፊደል፣ ያለ ብዜት ምልክት፣ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲነገር ሰው ፈጸመው። ለምን? ስለተነገረው ነዋ! ስንት፣ መቼ፣ ከምን በፊት፣ ከምን በኋላ፣ ምን ሲሆን እንደማይደነግጥ፣ ሁሉም ነገር ተነግሮታል። በአንጻሩ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ሽንቱ ቀልቶ ሲያይ ደም መስሎት የተወ ሰው አውቃለሁ። ያ ቀለም ከሪፋምፒሲን የሚመጣ፣ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ፣ ምንም የማይጎዳ ነገር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጎደለው። 6 ወር የሚወሰደው መድኃኒት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጦት በ6 ቀን ቆመ።

የትራኮማ ዘመቻ ሲመጣ የሚሆነውንም አይቻለሁ። ሚዛን የለም፣ ዕድሜ የሚያውቅም የለም፤ አንድ ምልክት የተደረገበት እንጨት ይተከላል፣ ልጁ ይቆማል፣ አናቱ የደረሰበት ምልክት ስንት እንደሚውጥ ይናገራል። የዘመቻው መድኃኒት ዚትሮማክስ በቁመት ይለካል። ልጆቹ በእግር ጣታቸው እየተንጠራሩ ከጓደኞቻቸው አንድ ክኒን ለመብለጥ ይሞክራሉ፤ ሠራተኛዋ ተረከዛቸውን በእጇ ወደ መሬት ትመልሳለች። ተሳስቶ የሚወስድ የለም፤ እዚያው ፊት ለፊቷ ይዋጣላ።

የወረዳችንን ስም ወስዶ ሮቤ ላይ የተቀመጠው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎባ ባለው ሆስፒታሉ የጤና ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ከነሱ አንዱ ነገ የኛ መስኮት ላይ እንደሚቀመጥ ተስፋ አለኝ። ልጄ፣ አደራህን፣ ወረፋው ቢረዝምም መድኃኒቱን ከመስጠትህ በፊት «እስቲ እንዴት እንደምትወስዱት ንገሩኝ» በል። ሰውየው መልሶ ሲነግርህ ያላደረስከውን እዚያው ትሰማዋለህ። አለበለዚያ የምሰማው እኔ ነኝ፣ በርጩማዬ ላይ፣ ከሦስት ቀን በኋላ።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ደግሞ አንድ ሥራ አለኝ። ሳጥን ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ነጠላ ጫፍ ላይ የቋጠራችሁትን መድኃኒት አሁኑኑ አውጡት። የሚያበቃበት ቀን ተብሎ የታተመው ዓመት የፈረንጅ ነው። ጎረቤቴ ማሸጊያው ላይ 2025 ስላየ «ገና ለጋ ነው፣ እኛ እኮ 2018 ላይ ነን» ብሎ ለልጁ ሊያወርሰው ነበር። የፈረንጁ ወር ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ከሆነ ከተጻፈው ዓመት 8 ቀንሱ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7። ያም ቢሆን የታተመው ላልተከፈተው ነው፤ የተበጠበጠው ሽሮፕ እንደ ዓይነቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት፣ የተከፈተው የዓይን ጠብታ ከአንድ ወር በላይ አይቆይም። ጊዜው ያለፈውን ልጅ በማይደርስበት አድርጋችሁ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት መልሱት። ለላሚቱም አትስጧት።